አራሷ እፉኝት

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ መሃል በነበረበት ዘመን፣ አውሮፕላን የሚመጣ ዕለት ሜዳውን የሚግጡት ላሞች በጅራፍ ይባረሩ ነበር። ይህን ለማየት የማይሮጥ ልጅ አልነበረም። እኔም ሮጥኩ፤ የሮጥኩት ግን አክስቴ ከሱቋ ደጃፍ አፉ የተከፈተ የጨው ጆንያ አስይዛ፣ "ከዚህ ፈቀቅ እንዳትል" ካለችኝ ቦታ ነው። አውሮፕላኑ ሳያርፍ ዝናቡ ወረደ። ስመለስ አክስቴ ቀድማኝ ደርሳ ከጆንያው ሥር የሚፈስሰውን ነጭ ውሃ ቆማ ታያለች። አልመታችኝም፤ ለመምታት እጇ አይነሳም። ዘወር ብላ አየችኝና፣ "አንተ የእፉኝት ልጅ!" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ዳግመኛ ከአፏ አልወጣም። ከእኔ ልብ ግን አልወጣም።

ስለ እፉኝት የሚባለውን ያልሰማ አንባቢ ቢኖር ልንገረው። እፉኝት በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ትወልዳለች ይላሉ። ልጆቿ የመውጫቸው ጊዜ ሲደርስ በር አይጠብቁም፤ የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ፣ እሷም እዚያው ትሞታለች። ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ ሰው የዚህች እባብ ልጅ ተብሎ የሚሰደበው ስለዚህ ነው። ለሌላ ልጅ ይህ ከገበያ ውሎ ጋር የሚረሳ ስድብ ነው። እናቱ እሱን ስትወልድ ለሞተችበት ልጅ ግን ስድብ አይደለም፤ የልደት ታሪኩ ነው።

እናቴና አባቴ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሌላ የደቡብ አካባቢ ወደ ቱርሚ ወርደው ትንሽ ሻይ ቤት ከፍተው ነበር። እናቴ እኔን የወለደችው ከቱርሚ ወደ ጂንካ ስትመጣ፣ መንገድ ላይ ነው፤ የሞተችውም እዚያው መንገድ ላይ። በቤታችን ስለ ሞቷ የተነገረኝ ይኸው ብቻ ነው። አባቴ ቱርሚ ቀረ፤ ሌላ ትዳር ያዘ፤ በጭነት መኪና ሾፌሮች በኩል ሰላምታ ይልክ ነበር፣ ኋላ ሰላምታውም ቀረ። የእናቴ ታላቅ እህት ልጅ አልነበራትምና እኔን አሳደገችኝ። አበላችኝ፣ አስተማረችኝ፣ ስታመም ሌሊቱን አብራኝ አነጋች። የተወለድኩበትን ቀን ግን በቤታችን ማንም አንስቶት አያውቅም፤ የእናቴ ሙት ዓመት ነበርና።

እንዲህ ያለ ልጅ ንባብ ይወዳል። የገጠመኝን ሁሉ አነብ ነበር፤ ከሰው ጋር ከመነጋገር ከመጽሐፍ ጋር ዝም ማለት ይቀለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ሕይወት ስመርጥ ጓደኞቼ ሕክምና ያልደረሰኝ መሰላቸው። እኔ ግን አንድ የምፈልገው ነገር ነበር፤ ያገኘሁትም በሁለተኛው ዓመት፣ ተማሪው ሁሉ ለምሳ በወጣበት ሰዓት፣ ስለ ተሳቢ እንስሳት በተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ነው። የእፉኝት ወገኖች አብዛኞቹ እንቁላል አይጥሉም፤ ልጆቻቸውን በሕይወት ይወልዳሉ። ግልገሎቹ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው፣ ማንኛውም ፍጥረት በሚወለድበት በር ይወጣሉ፤ ሽፋኑን ቀድደው ይሄዳሉ። እናትየው ትደክማለች፤ ትከሳለች፤ ትድናለች፤ ከዓመታት በኋላም እንደገና ትወልዳለች። የሚቀደደው ሽፋኑ እንጂ ሆዷ አይደለም።

መልሼ አነበብኩት። ቀና ስል በአዳራሹ ውስጥ ከጽዳት ሠራተኛዋ በቀር ማንም አልነበረም። ዕድሜ ልኩን የታሰረበት ክስ ሐሰት መሆኑን ያወቀ ሰው የሚነግረው ሰው ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ምሳ ሰልፍ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ደጋዋ እፉኝት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከአገራችን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ እባብ ናት። እርጥብ ጫካ፣ የቡና ጥላ፣ የወደቀ ግንድ ሥር ትወዳለች። ስለ ኑሮዋ የሚታወቀው ጥቂት ነው፤ ሳትጠና ልትጠፋ ከተቃረቡት አንዷ ናት። ጫካው ይመነጠራል፣ ያገኛት ይገድላታል፣ መልኳን የሚወዱ ሰብሳቢዎችም በድብቅ ይወስዷታል። የመጻሕፍቱ ካርታዎች ከጂንካ በላይ ያሉትን የአሪ ተራሮች ባዶ ትተዋቸዋል። ያ ባዶ ቦታ ይጠራኝ ነበር።

ተመርቄ ወደ ጂንካ ተመለስኩ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ግን ከተራራው ጋር አላገናኘኝም። በካንጋተን ስለ አዞ፣ በአርቦሬ ስለ ጅብ፣ በቱርሚ ደግሞ በአደን ስለሚጠፉ አውሬዎች ስብሰባ ላይ እናገራለሁ። ቃሌ በአስተርጓሚ አፍ አጥሮ ይሄዳል፤ ሰዎቹ ለረጅም ጊዜ ተነጋግረው ይስቃሉ፤ ሳቁ ወደ እኔ ሲመለስ "ተስማምተዋል" ይባላል። ማታ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላብ እያጠመቀኝ እተኛለሁ። ቱርሚ በደረስኩ ቁጥር የእናቴ ሻይ ቤት የት እንደነበረ ልጠይቅ እነሳና፣ የምጠይቀው ሰው መርጬ ሳልጨርስ መኪናው ይነሳል።

በአንድ የቅዳሜ ገበያ ቀን፣ ኮረሪማ የያዘ ከረጢት በትከሻቸው ያንጠለጠሉ አንድ የአሪ ገበሬ ቢሯችን ገቡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እንደሆኑ ከአቋማቸው የሚያስታውቁ ሰው ነበሩ።

"የእንስሳት ቢሮ ይሄ ነው?"

"የዱር እንስሳት ነው አባባ። የከብት ክትባት ከሆነ ቀጥሎ ያለው ግቢ ነው።"

"ክትባት አይደለም። እባብ ነው።"

የሥራ ባልደረባዬ በሳቅ ከወንበሩ ተገለበጠ ለማለት ይቻላል። "እንግዲያ ትክክለኛው ሰው ጋ መጥተዋል! እባብ የእሱ ዘመድ ነው፤ ለቅሶም ሠርግም የሚጠሩት እሱን ነው።"

ሽማግሌው አልሳቁም። "የእኔ ጓሮ ናት። ድንጋይ ላይ ትተኛለች። ፀሐይ ትሞቃለች፣ ትገባለች። ነገ ደግሞ ትወጣለች። ትልቅ ናት። ጥቁር፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ሆዷ ሞልቷል፤ ልትወልድ ነው።"

መልኳ ከመጽሐፍ የማውቀው ነበር። "ታዲያ ለምን አልገደሏትም?" አልኩ፤ በአካባቢያችን እባብ መግደል እንደ መልካም ሥራ የሚቆጠር ነውና።

"ለምን ልድከም? ሰባኪው ነግሮናል። እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ይገድሏታል። እኔ የመጣሁት ሌላ ነው። ስትሞት ማን ያነሳታል? ቡናዬ ሥር ትበሰብሳለች፣ መርዟ ሥሩ ውስጥ ይገባል። ልጆቿም አሉ። መንግሥት መጥቶ ያንሳልኝ።"

ኃላፊዬ ከውስጠኛው ክፍል ብቅ ብሎ፣ "ሬሳ ለማንሳት በጀት የለንም" አለ፤ ቢሮው በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ጃኬቴን አንስቼ ነበር።

ሞተረኛው እስከሚችለው ድረስ ወሰደን፤ የቀረውን በእግር ወጣን። የሽማግሌው ጓሮ ከእንሰት ይጀምርና ወደ ቡና ይገባል፤ ቡናው ሲያልቅ ለኮረሪማው ጥላ ሲባል ያልተመነጠረች ቁራጭ ጫካ ትቀጥላለች። በቡናውና በጫካው ድንበር ላይ ከእርሻ የተለቀመ የድንጋይ ክምር አለ። ሽማግሌው ከሩቅ ቆመው በከዘራቸው አመለከቱኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የወደቀ ቅጠል ነው። ቆየሁና ቅጠሉ ሲተነፍስ አየሁ። ጥቁር ቡናማ ገላዋ ላይ ቢጫና አረንጓዴው እንደ ጥልፍ ተሰድሯል። ራሷ ሰፊ ነው፤ ዓይኖቿ ከራሷ ስፋት ጋር የማይመጣጠኑ ትንንሾች ናቸው። ሆዷ ወደ ሁለቱም ጎን ተነፍቶ በድንጋዩ ላይ ተዘርግቷል። አንድ እርምጃ ስጨምር በረጅሙ ነፋች፤ የወናፍ ድምፅ ይመስላል። ወደ ኋላ ተመለስኩና ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ሙሉ ስሟን የተሸከምኩላት እንስሳ ይህች ነበረች። እሷ ግን እኔን አታውቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ፣ አንዳንዴም ኃላፊዬን አስፈቅጄ፣ ተራራውን እወጣለሁ። ከድንጋዩ ክምር ርቄ የእንሰት ሥር እቀመጣለሁ። ፀሐይዋ ጉሙን ስትገልጥ እሷ ትወጣለች፤ ጉሙ ሲመለስ ትገባለች። ያረገዘች እፉኝት አትበላም፤ ሥራዋ ሙቀት መሰብሰብ ብቻ ነው። አይጥ በአጠገቧ ሲያልፍ እንኳን አትንቀሳቀስም ነበር። አብረን ዝም እንላለን። ከሰው ጋር እንዲያ ያለ ረጅም ጊዜ ተቀምጬ አላውቅም።

የሽማግሌው ባለቤት አጭር፣ ፈጣን፣ አማርኛቸው ከባላቸው የቀለለ እናት ናቸው። መጀመሪያ ቀን የተቀቀለ ጎደሬ ይዘውልኝ መጥተው፣ "አንተ ምን ታያለህ? ገበያ ነው እንዴ?" አሉኝ። በሁለተኛው፣ "እናት የለህም? ቅዳሜ ቅዳሜ አትጠብቅህም?" ብለው ጠየቁ። "የለችኝም፣ እማማ" አልኳቸው። ጎደሬውን አቀረቡልኝና ሄዱ።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። የቡናው ለቀማ ደርሷል። በዚያ ሰፈር ቡና በደቦ ነው የሚለቀመው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ጓሮ በተራ ይጨርሳል። የሽማግሌው ተራ ሲደርስ ሰዎች ገጀራና ቅርጫት ይዘው እስከ ድንጋዩ ክምር ድረስ ይመጣሉ። እሷን እስካሁን ያቆያት ያ የሐሰት ወሬ ብቻ ነው። ወልዳ ባትሞት፣ ደክማ በምትተኛበት ድንጋይ ላይ በሕይወት ቢያገኟት፣ ራሷን ይቀጠቅጡታል፤ ለልጆቿም ያዘጋጁት ደረቅ የእንሰት ቅጠልና ክብሪት አለ።

ለኃላፊዬ ነገርኩት። "አንተ ሰውዬ፣" አለኝ፣ "ዝም በል። ተረቱ ያለ ደመወዝ ዘበኛ ሆኖልሃል። አንተ ዘበኛውን ታባርራለህ?"

"ወልዳ ባትሞትስ?"

"ያኔ ትሮጥ! እግር ባይኖራትም።"

ምክሩ ብልህ ነበር። ዝም ካልኩ እስከምትወልድ ድረስ የሚነካት የለም። ከተናገርኩ ዛሬውኑ ሊገድሏት ይችላሉ። ነገር ግን "ልጆቿ ይገድሏታል" ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ራሴን ነቅንቄ የማልፈው እኔ፣ ከሁሉም ሰው ይልቅ እኔ ልሆን ነው? ለእሷ ሕይወት ስል እሷና ልጆቿ ላይ የተነገረውን ሐሰት ላጽና? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ጊዜ ተራራውን ወጥቼ ወረድኩ።

ጥያቄው በመጨረሻ ከሽማግሌው አፍ መጣ። የደቦው ሰዎች ተራ ሊቆርጡ በግቢያቸው ተሰብስበው፣ የቡና ቅጠል አፍልተው ይጠጣሉ። እኔ ከድንጋዩ ክምር ተነስቼ ልሰናበት ስገባ ሽማግሌው ቦታ ለቀቁልኝ።

"መምህር፣ የእኔ ደቦ በሚመጣው ሳምንት ነው። እስከዚያ ሞታ ትቆያለች?"

ሰው ሁሉ አየኝ። ተማርኩ የሚል ሰው በቀጥታ ሲጠየቅ ሁለት መንገድ የለውም።

"አትሞትም፣ አባባ። እፉኝት ስትወልድ አትሞትም። ልጆቿ ሆዷን አይቀድዱም። የተባለው ሐሰት ነው።"

ገጀራውን በጉልበቱ ላይ ያስተኛ ጎረቤት ተነሳ። "ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ቅጠሉ ሳይቀዘቅዝ ጨርሻት ልምጣ።"

እኔም ተነሳሁና መናገር ጀመርኩ። ከአገራችን ደጋ በቀር በዓለም ላይ እንደሌለች፣ ቡናቸውንና ጎደሬያቸውን የሚበላውን አይጥ የምትበላ እሷ እንደሆነች፣ ካልነኳት ሰው ፈልጋ እንደማትነክስ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ስብሰባ ላይ እንደምናገረው ነበር የተናገርኩት።

"ቆይ፣ የእኛ ብቻ ናት?" አለ ባለገጀራው።

"አዎን፤ የእኛ ብቻ።"

"የእኛ ብቻ ከሆነች ማን ይከለክለናል?"

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። "ብትነክሰንስ?" አሉ በዝግታ። "ከዚህ ጂንካ ቃሬዛ ነው። ሐኪም ቤት ስንደርስ መድኃኒቱ አለ?"

"ላይኖር ይችላል" አልኩ። "መርዟ ይገድላል። እሱ እውነት ነው።"

ባለገጀራው ወደ ጓሮው ሲዞር፣ ከቤቱ ደጃፍ ሆነው ጎደሬ ይልጡ የነበሩት እማማ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

"ቁም አንተ! ቆይ ልጠይቅ። መምህር፣ ካልሞተች ታዲያ ከወለደች በኋላ ምን ትሆናለች?"

"ትደክማለች እማማ። ሳትበላ ስለቆየች ትከሳለች። ጥቂት ጊዜ ፀሐይ እየሞቀች ትተኛለች። ሲሻላት ትነሳና ወደ ጫካዋ ትገባለች።"

"አራስ ናታ!" አሉ።

ማንም የጠበቀው ቃል አልነበረም። አንዱ፣ "ገንፎ እናገንፋላት እንዴ?" አለ። ሌላው፣ "ቅቤውን አንተ አምጣ፣ ከብት ያለህ አንተ!" አለው። "ማን ያርሳታል?" ሲባል ባለገጀራው ራሱ ወደ እኔ በጣቱ እያሳየ፣ "ይሄው ዘመዷ መጥቶ የለ! ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠይቃት ለምን ይመስላችኋል?" አለ። እኔም ሳቅኩ። ያን ያህል ሰው መሃል ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

እማማ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። "ጨረሳችሁ? እንግዲህ ስሙ። ትሞታለች ሲሉን ተውናት። ትኖራለች ከተባለ አራስ ናት። በእኔ ግቢ አራስ አይመታም፤ ውሻም ብትሆን አይመታም። ስትነሳ መንገድ ላይ ካገኛችኋት የራሳችሁ ጉዳይ ነው። እስክትነሳ ግን ያ ጥግ ይዘለል።"

"ቡናውስ?" አሉ ባለቤታቸው።

"ይርገፋ! አምስት ጊዜ አራስ ስሆን የረገፈው ቡና አይበልጥም?"

ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን መታ አድርገው፣ "ሰምታችኋል፤ ጥጉ ይዘለል" አሉ። ባለገጀራው እያጉረመረመ ተቀመጠና ቅጠሉን ጠጣ። ከእውቀቴ ውስጥ እሷን ያዳናት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ ብርቅነቷ አልነበረም፣ አይጥ መብላቷም አልነበረም። ከወሊድ የምትተርፍ እናት መሆኗ ብቻ ነበር።

እማማ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። "ፊትህ ምነው ተለወጠ? አሸንፈህ የለ?"

ለማንም ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው። ጨውን፣ ዝናቡን፣ ቃሉን፣ እናቴ መንገድ ላይ መሞቷን።

"የትኛው መንገድ?"

"ከቱርሚ ጂንካ።"

"ታዲያ መንገዱ ነዋ!" አሉ ተቆጥተው። "እኔም በቃሬዛ ወርጃለሁ፤ መንገድ ስንት ሴት እንደሚበላ እኛ ነን የምናውቅ። አንተ ያን ጊዜ አንገትህን እንኳን ማቆም አትችልም። አንገቱን የማያቆም ሰው ነው የሚገድል?"

ወርጄ ሞተር እስካገኝ ድረስ ብቻዬን ተጓዝኩ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር።

ደቦው ሳይደርስ እማማ በባለቤታቸው ስልክ ደወሉ። "ወለደች! ና! እሷም አለች፤ ዓይኗ ያያል!"

ስደርስ ቀኑ ተጋምሷል። በድንጋዮቹ መካከል እርጥብ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ሽፋኖች ተጥለዋል። ግልገሎቹ ከእርሳስ ብዙም የማይረዝሙ፣ የእናታቸውን ጥልፍ ገና ከመወለዳቸው የለበሱ ናቸው። አንዱ ሽፋኑን በአፍንጫው ሲገፋ አየሁት፤ ቀደደው፤ ጥቂት ተነፈሰ፤ ወደ ኮረሪማው ቅጠል ሥር ገባ። የተቀደደው ይኸው ነው። እናትየው ከላይኛው ድንጋይ ላይ ነበረች። ጎኗ ጎድጉዷል፤ ቆዳዋ እንደ ትልቅ ሰው ኮት ሰፍቷት በድንጋዩ ላይ ተጨማድዷል። ስጠጋ ነፋች። ያን ድምፅ በሰማሁ ጊዜ እንባዬ መጣ።

እማማ ከኋላዬ፣ ከእንሰቱ ሥር ቆመው፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በእውነት፣ "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ!" ብለው ጮኹላት። ፎቶ አነሳሁ።

ደቦው መጣ፣ ለቀመ፣ ሄደ። በደረቅ የእንሰት ቅጠል ገመድ የከለልነው ጥግ ተዘለለ፤ ቀይ ፍሬው እዚያው ደርቆ ረገፈ፤ ሽማግሌው ባዩት ቁጥር ይተክዙ ነበር። ሁሉም ነገር ያለ ጉዳት አላለፈም፤ ከግልገሎቹ አንዱን መንገድ ላይ ተጨፍልቆ አገኘሁት፣ ማን እንዳደረገው አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ጉሙ ሲገለጥ ድንጋዩ ባዶ ነበር። አራሷ ተነስታለች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ቁራጭ ጫካዋ ግን አለች፤ እማማም ዛሬ ድረስ ያን ጥግ "የአራስ ቤት" ይሉታል።

ፎቶውን የማሳየው ለአክስቴ ነበር፤ ይዤው ግን ብዙ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ገዢ በሌለበት ሰዓት ሱቋ ገባሁ። ዛሬ አርጅታለች፤ ጨው የምትሸጠው በጆንያ ሳይሆን በፌስታል ነው። ስልኩን ከዓይኗ አርቃ፣ አቅርባ አየችው።

"ምንድን ናት?"

"እፉኝት ናት፣ አክስቴ። ከወለደች በኋላ ነው ያነሳኋት።"

"ከወለደች በኋላ?" ስልኩን መልሳ አቀረበችው። "አልሞተችም?"

"አትሞትም። ትድናለች። እንደገናም ትወልዳለች።"

"ልጆቿስ?"

"በተወለዱበት ቀን ይበተናሉ።"

"ተመልሰው አያዩዋትም?"

"አያዩዋትም።"

ስልኩን ባንኮኒው ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። መንገድ ላይ ባጃጅ አለፈ። አክስቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ቆየች።

"አንተ በየሳምንቱ ትመጣለህ" አለች። "እንግዲያ ያን ቀን ያልኩህ በሁለት በኩል ውሸት ነበር።"

ታስታውሰው ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሁለታችንም አንድ ቃል በየራሳችን ጥግ ደብቀን፣ በአንድ ማዕድ ስንበላ ኖረናል።

"ወንዙ ሞልቶ ነበር" አለች፤ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያየች። "መኪናው ከወንዙ ማዶ ቆሞ ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቅ ነው እናትህ ያለፈችው። እኔ እዚህ የገንፎ ዱቄት አስፈጭቼ፣ ቅቤ አንጥሬ፣ አልጋ አንጥፌ ነው የጠበቅኳት። በማግሥቱ አንተን ብቻ አምጥተው ሰጡኝ።"

"ገንፎውስ?" አልኩ፤ ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"አገነፋሁት" አለች። "ልጅ ተወልዶ የለ? ብቻዬን ተቀምጬ በላሁት።"